ጽጌ እውነቱን የሰማችበት ቀን

አስካልዬ፣ ዓለሜ፣

ከተለየሽን ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ያው ጎባ፣ ከገበያው በላይ ያለው ቤታችን ነን። እኔም እንደ ድሮው በጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት መዝገብ እጽፋለሁ። አጥሩን አሳድሼዋለሁ። ልነግርሽ የፈለግሁት ግን የልጃችንን ነገር ነው፤ እስካሁን ያልጻፍኩልሽም አፍሬ ነው።

ያረፍሽ ዕለት ጽጌን ሮቤ፣ እህቴ ዘንድ ላክናት። ለቅሶው አልፎ ስትመለስ፣ «እማዬስ?» አለችኝ። ዘመድ እንደመከረኝ፣ «አዲስ አበባ ለሕክምና ሄዳለች» አልኳት። የስድስት ዓመት ልጅ ናት፣ ትረሳለች ብለን ነው። አልረሳችም። የአዲስ አበባን መንገደኛ የሚያመጣው የሻሸመኔ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ማቆሚያው ሄዳ የሚወርደውን ሰው ፊት ሁሉ ታያለች። ቆይታ ምግብ እምቢ አለች፤ መኝታዋንም ማርጠብ ጀመረች። እኔም፣ ይቅር በይኝ፣ በቀበቶ መታኋት። ሁለት ጊዜ።

የደረሰችልን ጎረቤታችን አዴ ሙሚና ናት፣ ባለሱቋ። አንድ ቀን ልጅቱን ከማቆሚያው እጇን ይዛ አመጣቻትና ደጅ ላይ ለብቻዬ ጠራችኝ። «ያ ረቢ! ይህቺን ልጅ ያመማት መጠበቅ ነው። እውነቱን ንገራት፤ አብረሃትም አልቅስ» አለችኝ።

በማግስቱ መቃብርሽ ድረስ ወስጄ ነገርኳት። አፈሩን አየችው፤ ከዚያ፣ «እንስራዋን ስለሰበርኩባት ነው?» አለችኝ። አስካልዬ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ይህን ተሸክማ ኖራለች! ተንበርክኬ፣ «አይደለም ልጄ፤ ሳንባዋን አሟት ነው። አንቺ ምንም አላደረግሽም» አልኳት። ስለመታኋትም ይቅርታ ጠየቅኋት። ተቃቅፈን አለቀስን። እኔም ለአንቺ እስኪወጣልኝ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው።

ቶሎ አልተሻላትም። ያንኑ ጥያቄ ስንቴ ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ እኔም ያንኑ መልስ ደጋግሜ መለስኩላት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አዴ ሙሚና ሱቅ ትቆየኛለች፤ ራቷን ከእኔ ጋር ትበላለች። አሁን አንሶላዋ ደረቅ ነው። ከአዴ ሙሚና የልጅ ልጆች ጋር በኦሮምኛ እየተጣላች ትጫወታለች። ቀበቶዬም ለዱላ ከወገቤ አይፈታም።

ባለፈው እሁድ፣ «እማዬ ነጎድጓድ ትፈራ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት አብሬሽ ኖሬ ይህን አለማወቄ ቆጨኝ። ለፋሲካ ጊኒር፣ እናትሽ ዘንድ ይዣት እሄዳለሁ። እሳቸውንም፣ አብሮ አደጎችሽንም ስለ አንቺ እጠይቃለሁ፤ የሰማሁትን ሁሉ ለልጅሽ እነግራታለሁ። ከእንግዲህ እዚህ ቤት ስምሽ በሹክሹክታ አይጠራም።

ያንቺው ጥላሁን