የተነሣ መቅዘፊያ

ባሕር ዳር
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመስዑድ አባት፣ ደልጊ

አሰላሙ ዐለይኩም ሙሔ። ሰላምታዬ ይህን ለምታነብልህ ለእህትህ ልጅም ይድረስ። ተቅዋዬ፣ እንዳለ አንብቢለት። ቢቆጣ አትፍሪ፤ ስድቡንም አታስቀሪ።

እንደምን ሰነበትህ አልልህም። እንዴት እንደሆንህ አውቃለሁ። ከእህትህ ጓሮ ተቀምጠህ አንዱን ሲጋራ በሌላው እየለኮስህ ነው።

ልጅህ በሕይወት አለ። መንጋጋው ሁለት ቦታ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል፤ ግራ ክንዱ በጄሶ ነው። ሾርባና ወተት በቀጭን ቱቦ ይጠጣል። እኔም ደኅና ነኝ። ግንባሬን ሰፍተውልኛል፣ እሱን ተወው።

አንተ ስትሄድ ሰው ያወራውን ልንገርህ? "ሙሔ የገዛ ልጁን እያወቀ ቀጠቀጠው፣ አውሬ ነው" አሉ። አንተም ምንም ሳትል በጀልባ ተሳፍረህ ሄድህ። "አላየሁትም" ብትል ምን ነበረበት? አውሬ መባል ዕውር ከመባል ተሻለህ? አላህ ይይልህ አንተ ሰውዬ!

እኔ እንደሁ ቀድሜ ነቅቼብሃለሁ። አምና ክረምት ለጀልባ የመጣልህን የዋንዛ ጣውላ "ተጣሟል" ብለህ በመጥረቢያ ሰነጠቅኸው። ያመጣውንም ሰው በጥፊ አልኸው። ጣውላው እኮ ቀጥ ያለ ነበር! የሚጣመመው አንተ ስታየው ነው። ከዚያ ሰውን በጎን ማየት ጀመርህ፤ ወደቡ ሁሉ "ሙሔ ናቀን" አለ። ፊት ለፊት ስታያቸው ፊታቸው እንደሚጠፋብህ፣ የሚታይህ ጆሯቸውና ትከሻቸው ብቻ እንደሆነ ማን ይንገራቸው? እኔን እንደሁ ለማንም እንዳልናገር አስምለኸኛል።

ዐይን ሐኪም ዘንድ እየጎተትሁ ወሰድሁህ። ሐኪሟ በትሕትና ነው የነገረችህ። "አባቴ፣ ይህ ሞራ አይደለም፤ ተገፍፎ አይነሣም። ከዐይንዎ በስተኋላ መሐሉ ነው የተጎዳው። ሲጋራው ለዐይንዎ ደም የሚያደርሱትን ቀጫጭን ሥሮች እየጎዳብዎት ነው። ቀኙ ያጣውን አይመልስም። ግራውም ጀምሮታል፤ እሱን ግን በመርፌ ልናቆየው እንችል ይሆናል። ማጨሱን ያቁሙ፣ ቶሎም ይምጡ" አለች። አንተስ? "ጭሱ የሚገባው በአፌ፣ ዐይኔን ምን አገባው!" ብለህ ወንበሩን ገልብጠህ ወጣህ። በሩ ላይ ሳትደርስ ለኮስህ። እዚያው አፈር ብበላ በወደድሁ።

ልጅህን በመታህበት ቀን ጠዋት ከዓሣ አጥማጁ ከኪዳነ ወልድ ጋር በመረብ ተጣላችሁ። "ተመልሼ ጭንቅላትህን ነው የምፈልጠው" ብሎህ ሄደ። ከሰዓት በኋላ መስዑድ ከደቅ ደሴት ተመለሰ። የጀልባዋ ሞተር እያጓራ፣ ጀንበሯ ውኃው ላይ እያንጸባረቀች ዳር ሲደርስ አባቱን አየና እንደ ደንባችን መቅዘፊያውን ወደ ላይ አነሣ። ሐይቅ ላይ ሰላም የምንባባለው እንዲህ አይደል? ገና ጡት ሳይጥል ማንኪያ አስይዘህ ያስተማርኸው አንተው ነህ! አንተ ግን መቅዘፊያ ሲነሣ ብቻ አየህ፤ የያዘውን ሰው ፊት አላየህም። ኪዳነ ወልድ መሰለህ።

ዘለህ ገባህበት። መቅዘፊያውን ነጥቀህ የመጀመሪያውን አፉ ላይ አሳረፍኸው። ለዚያ ነው "አባ" ያላለህ። ስማኝ ሙሔ፣ ለዚያ ነው! በተሰበረ መንጋጋ ምን ብሎ ይጥራህ? ክንዱን ቢያነሣ ክንዱን ሰበርኸው። ወድቆ ደምና ጥርስ እየተፋ ጎኑን ወቃኸው። መሐል ስገባ መቅዘፊያው እኔንም አገኘኝ። "መስዑድ ነው! ልጄን ገደልኸው!" ብዬ ስጮህ ነው የቆምህ። ከዚያ ተንበርክከህ ፊቱን በእጅህ ዳበስኸው። ያን ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ።

ልጅህ የሚናገረውን ስልኩ ላይ እየጻፈ ነው የሚያሳየኝ። መጀመሪያ "ምን አድርጌው ነው የሚጠላኝ?" አለ። ቆይቶ "ስነሣ ደልጊ ሄጄ የእጁን እከፍለዋለሁ" ብሎ ጻፈ። ወላሂ የሚያደርገው ነው፤ የማን ልጅ ነው? ያኔ መሐላዬን አፈረስሁት፣ ወንጀሉ በእኔ ይሁን። ዐይንህ እንደማያይ ነገርሁት። ሰምቶ በደኅና እጁ ግድግዳውን በቡጢ መታ፣ ከዚያ ሽቦው እንደጠረቀመው አለቀሰ። እንዲያ ያለ ልቅሶ አላህ አያሰማህ።

ቤት ገብቼ ከጀልባ መሥሪያህ ቆርቆሮ ሥር የሸጎጥኸውን ሲጋራ በሙሉ አወረድሁና በመጥረቢያህ ከታተፍሁት። ጎረቤት ሰው የሚታረድ መስሎት ሮጦ መጣ። ስለቱን አዶልዱሜብህ ከሆነ ይቅር በለኝ፤ ሌላው ግን ደግ አደረግሁ።

በመጪው እሑድ መስዑድ ሊወስድህ ይመጣል። ሞተሩን የሚይዝለት ኪዳነ ወልድ ነው፤ ነገሩን ቢሰማ "እኔ ነኝ የማመጣው" ብሎ ራሱ ተነሣ። አዎ፣ ለእሱም ነግሬዋለሁ። ለሁሉም ነግሬያለሁ። ሐኪሟ ሰኞ ትጠብቅሃለች።

ግራ ዐይንህ ሳይጨልም ድረስልኝ። ስፌቱ ቢያስጠላም፣ እኔንም አንድ ጊዜ ደኅና አድርገህ እንድታየኝ እፈልጋለሁ። አላህ የቀረችህን ብርሃን ያቆይልን፣ ልብህንም ያራራው።

ልጅህ ሲመጣ መቅዘፊያ አያነሣም። አፉ ታስሯልና አይጣራህም። የጀልባዋን ጎን ያንኳኳልሃል። በእጅህ የሠራሃት ናት፣ ድምፅዋ አይጠፋህም። ሲያንኳኳ ስትሰማ ዱላውንም ሲጋራውንም ጣልና ባዶ እጅህን ውጣ።

አሁንም ሚስትህ የሆንሁት
ኡሙልኸይር