ምሳቸውን ከልጅ ዓይን ለሸፈኑት ርእሰ መምህር

ለተከበሩ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ለአቶ በላይነህ፣
ደብረ ታቦር

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ ጤናዎ፣ በተለይም ሆድዎ፣ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። እኔ ይርጋ አስናቀ፣ ማረሻና ማጭድ ስቀጠቅጥ ያረጀሁ፣ ፊደልንም ያለ አስተማሪ ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ የለቀምሁ ሰው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ያልሆነችው አራተኛ ክፍል የምታስተምሩልኝ የልጅ ልጄ ማህሌት ናት። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ስለ ልጆች ስሜት ሥልጠና ላይ ነዎት ስለተባልሁ ደብዳቤዬን ግልጽ ማድረጌን ይቅር ይበሉኝ።

ነገሩን ላልሰማ አንባቢ፦ በወላጆች ቀን ርእሰ መምህሩ ከኪሎ የማያንስ ጥሬ ሥጋ ሲበሉ ማህሌት በአጠገባቸው ስታልፍ አየቻቸው። ከሰዓት በኋላ ሆዳቸውን ቆረጣቸው። እርሳቸውም ቀጥቃጭ ሁሉ ቡዳ ነው የሚለውን የአገራችንን ወሬ ይዘው፣ ሥጋውን ትተው ልጅቱን ጠረጠሩ። ከዚያ ወዲህ ማህሌት ምሳዋን የምትበላው ብቻዋን፣ «የስሜት ማረፊያ» በተባለው የጠመኔ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ነው።

፩ኛ. ስለ ክፍሉ አመሰግናለሁ። ግድግዳው ላይ የሚስቅ ፊት ተስሎላታል። ስሜቷ እጅግ ከማረፉ የተነሣ ሰሞኑን ምሳ ዕቃዋን እንዳለ ትመልሰዋለች። የበሩን ማጠፊያ የሠራሁት እኔ ስለሆንሁ በደንብ እንደሚዘጋ አልጠራጠርም።

፪ኛ. በዚያው ሳምንት ለየቤቱ ስለላኩት ቅጽ አመሰግናለሁ። ቤተሰብ ሁሉ ስለ ዘረኝነትና ሰውን ስለማግለል አሥራ አምስት ደቂቃ ተወያይቶ እንዲፈርም ያዝዛል። ከታችም ከሚስቀው እስከሚያለቅሰው አምስት ፊቶች ተደርድረዋል፤ ልጁ የተሰማውን ያከብበታል። ታዝዘን ተቀመጥን፤ ባለቤቴ ፈንታነሽ ሰዓት ያዘች። ማህሌት «አባባ፣ እኔ ሰው እበላለሁ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ ቅጹ ላይ ይኖር እንደሆነ ከላይ እስከ ታች ስለቅም አሥራ አራት ደቂቃ አለፈ። በአሥራ አምስተኛው ፈንታነሽ «አንቺ እንኳን ሰው፣ ጎመንም ተለምነሽ ነው የምትበይ» አለቻት። ፈረምን። ከአምስቱ ፊቶች የትኛውን እንዳከበበች ቅጹን ገልጠው ይዩት፤ ገና እንዳልገለጡት አውቃለሁ።

፫ኛ. ውይይት ብቻውን ስለማያጠግበኝ ምርመራ አደረግሁ። ማህሌት ሳምንት ሙሉ አውራ ዶሯችን ሲለቅም ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እንድታፈጥበት አዘዝኋት። ዶሮው ወፈረ። ቀጥሎም ስድስት ዓመት ሙሉ ሊወድቅ ያዘነበለውን የትምህርት ቤቱን አጥር ትኩር ብላ እንድታየው አደረግሁ። አጥሩ እንዳዘነበለ አለ፤ እርስዎም አልነኩት፣ እርሷም አልነካችው።

፬ኛ. በየዓመቱ ልጆቹን ጋፋት ወስደው መድፍ የተሠራበትን ስፍራ ስለሚያስጎበኙና ስለ ብረት ሠሪ እጅ በኩራት ስለሚናገሩ አመሰግናለሁ። ባለ እጅ ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ እንዲህ የሚከበር ከሆነ እኔ እንኳ ብዙ አልቀረኝም። ማህሌት ግን የምሳ ሰዓቷ ዛሬ ስለሆነ መቶ ዓመት መጠበቅ አትችልም።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰኞ ማህሌት በቀድሞው አግዳሚዋ ላይ፣ ከጓደኛዋ ከኤደን አጠገብ ምሳዋን ትብላ። ኤደን ስሜት ላይ አልሠለጠነችም፤ ነገር ግን ምሳ ዕቃዋን ከማህሌት ሸፍና አታውቅም። ይህ ካልሆነ እኔው ምሳዬን ቋጥሬ መጥቼ ከጠረጴዛዎ ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። የቀሩኝ ጥርሶች ሦስት በመሆናቸው ስበላ እቆያለሁ፤ ዓይኖቼ ግን ሁለቱም ደኅና ናቸው።

ለሆድዎ ዕረፍትን፣ ለሥልጠናዎ ፍሬን፣ ለበርዎም መከፈትን ከልብ እየተመኘሁ፣ ከወናፌ አጠገብ ሆኜ እጅ የምነሣዎ

ይርጋ አስናቀ፣ ቀጥቃጭ

ማስታወሻ፦ ከሆድ ቁርጠቱ ወዲህ ከእኛ ዓይን እንዲጠብቅዎ አንገትዎ ላይ ያሰሩት ክታብ፣ በቀደም በመንገድ ሲያልፉ የብረት ማንጠልጠያው ላልቶ አየሁት። ወድቆ ሳይጠፋብዎ ይዘውልኝ ይምጡ፤ የሠራሁት እኔ ነኝ።