ለእማዬ ክፍል የመረጥኩት መብራት

ለምወድህ ወንድሜ ለጋሼ እሸቴ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? መድኃኒትህን ሳታቋርጥ ትወስዳለህ? ብርነሽስ እንዴት ናት? ልጆቹን ዮሲና ዮሐናንስ ትምህርት እንዴት ይዟቸዋል? እኔና ልጄ ሊና ለራሳችን ደህና ነን። ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ብጽፍልህ ደስ ባለኝ፤ እማዬ ግን ደህና አይደለችም።

በስልክ ያልነገርኩህ፣ አንተ ስትደውል ስልኩን ከእጄ ስለምትቀማኝ ነው። አሁን ከአጠገቧ አልለይም፤ እሷ እየሰማች ደግሞ ይህን ማውራት አልችልም። የሱቅ ጎረቤቴ ኪዳኔ ነገ ወደ አዲስ አበባ ስለሚበር ደብዳቤውን በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

እንደምታውቀው፣ ሳንባዋ ከደከመ ወዲህ የኦክስጅን ቱቦ ከአፍንጫዋ አይለይም። ማሽኑ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ቱቦውን ኦክስጅን ወደተሞላው ሲሊንደር ማዞር አለባት። የምትኖረው ከምድር በታች ያለው ቤዝመንት ውስጥ ነው፤ መታጠቢያ ያለው መኝታ ክፍል እዚያ ብቻ ነውና። መስኮቷ ትንሽ ናት፤ በረዶ ሲከመርባት በቀትርም ዓይን ቢወጉ የማይታይ ጨለማ ነው። በዚህ ዊንተር በረዶ የተሸከመ ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ እየወደቀ ሰፈራችን መብራት ሦስት ጊዜ ጠፋ። ቀን ቀን እኔ ፍሮግታውን ሰፈር ያለው ሱቄ ነኝ፣ ሊና ትምህርት ቤት ናት፤ እማዬ ብቻዋን ናት።

ስለዚህ ለደንበኛ ዕቃ እንደምመርጥ ሆኜ መብራት መረጥኩላት። የእጅ ባትሪው ጥሩ ያበራል፤ ግን በጨለማ ማን ፈልጎ ያገኘዋል? ግንባር ላይ የሚታሰረውን ሳስርላት «ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ጉድጓድ ልታስቆፍሪኝ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። በፀሐይ የሚሞላው ቤዝመንት ውስጥ ከየት ፀሐይ ያገኛል? በመጨረሻ ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሚኖረውን፣ መብራት ሲጠፋ ማንም ሳይነካው የሚበራውን ያዝኩ። ሦስት ቀን ሞከርኩት። ስድስት ሰዓት ከሩብ እንደሚቆይ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፤ አልጋዋ አጠገብ ሰካሁትና ልቤን ጥዬበት ሥራዬ ሄድኩ።

መብራቱን ፈተንኩ እንጂ የእናቴን ጠባይ አላሰብኩም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃ ያቃጥላል ብላ ሁሉን ከሶኬት እየነቀለች እንዳሳደገችን እንዴት ረሳሁት? ይኸንንም ነቀለችው። ሲነቀል ጊዜ በራባት፤ ማጥፊያውን ብትፈልግ አጣችው። በፎጣ ጠቅልላ ኮሞዲኖው ውስጥ ከተተችው፤ እዚያው ሲበራ ቆይቶ ባትሪው አለቀ። «ዕቃሽ እንዳይበላሽ አስቀመጥኩልሽ» ያለችኝ በኋላ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ነው።

ጥር 15 ቀን፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። እማዬ በዳበሳ ሲሊንደሩን ከፈተች፣ ቱቦውን አፍንጫዋ ላይ አደረገች፤ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ከዚያ ጧፍ ለኮሰች። ኦክስጅኑ ፊቷ ላይ እየነፈሰ፣ ጋሽዬ! እሳቱ ቱቦውን ይዞ ፊቷ ላይ ቦግ አለ። ሊና ከትምህርት ቤት እየገባች ነበር። ጩኸቷን ሰምታ ወረደች፤ ሲሊንደሩን ዘጋች፣ የተያያዘውን ብርድ ልብስ ረግጣ አጠፋችው። «ማሚ፣ እማማ ኢዝ በርንድ! ካም ሆም!» ብላ ደውላ፣ ተቃጥላለች ድረሺ ስትለኝ ደንበኛ ፊቴ ቆሞ ነበር። እንዴት ድራይቭ አድርጌ እንደደረስኩ ዛሬም አላውቅም።

ዘጠኝ ቀን ተኛች። የከንፈሯና የጉንጯ ቁስል ይድናል ብለዋል ሐኪሞቹ። ቤት እየመጣች የምታያት ነርስ ዳራርቱ ግን ደረጃው ላይ አቁማ «እህቴ፣ እዚህ ቤት ሁለተኛ እሳት ካየሁ ሪፖርት ማድረግ ግዴታዬ ነው። ኦክስጅኑን ይወስዱባታል። ቢተዉላት ደግሞ በሚቀጥለው ፊቷ ብቻ ተቃጥሎ አይቀርም» አለችኝ።

መብራቱን አስተካክያለሁ፤ በባለሙያ ግድግዳው ውስጥ አስገጠምኩት፣ የሚነቀል ነገር የለውም። ጧፉ ነው ከአቅሜ በላይ የሆነው። የነበረውን ጣልኩት፤ ትናንት ትራሷ ሥር አዲስ ጥቅል አገኘሁ። በባትሪ የሚበራ ሻማ ባመጣላት «በአሻንጉሊት እግዚአብሔርን ላታልል?» አለችኝ። ተቆጣኋት፣ ለመንኳት፣ እግሯ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። የነገረችኝ ያኔ ነው። አምና የልብ ቀዶ ጥገና ሲደረግልህ፣ ልጄን ካተረፍክልኝ በሕይወት እስካለሁ በየቀኑ ጧፍ አበራለሁ ብላ ተስላለች። ሌላ ጊዜ ቱቦውን አውልቃ፣ ራቅ ብላ ነበር የምታበራው። ያን ቀን ግን በጨለማው ውስጥ አየሩንም ብርሃኑንም አንድ ላይ ፈለገች።

የንስሐ አባቷን ጠየቅኳቸው፤ ልጇ በእሷ ፈንታ ሊያደርሰው ይችላል ብለዋል። እሷ ግን ከአንተ አፍ ካልሰማች አትቀበልም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ቤተ ክርስቲያን ሂድና ጧፉን አብራላት። በየቀኑ አብራላት። ሳታበራ አበራሁ አትበላት፤ ድምፅህ ሲዋሽ ታውቃለች። ከዚያ ደውልና፣ ስለትሽን እኔ ይዤዋለሁ፣ አንቺ እሳት እንዳትነኪ በላት።

ሱቁን ዘግቼ በሯ ላይ ተቀምጫለሁ። እንቅልፍ ሲወስዳት ክብሪት ፍለጋ ኪሷን እፈትሻለሁ፤ የገዛ እናቴን ኪስ። ሐሙስ ከባድ በረዶ ይጥላል እያሉ ነው። ኪዳኔ ማክሰኞ ማታ ይደርሳል። ረቡዕን አታሳልፍብኝ።

ሊና ብርነሽን በጣም ሳምልኝ ብላለች፤ የእኔም ሰላምታ ይድረሳት። ዮሲን ጉንጩን፣ ዮሐናን ግንባሯን ሳምልኝ። እማዬ ስጽፍ አይታኝ «ለእሸቴ ነው?» አለችኝ። አዎ ስላት፣ በቁስለኛው ከንፈሯ ፈገግ ለማለት እየሞከረች፣ «ምንም እንዳልሆንኩ ጻፊለት፤ ልቡን እንዳታስደነግጪብኝ» ብላለች።

እህትህ ሰገነት

ኩን ራፒድስ፣ ሚኒሶታ
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.