ትሕትናዬን ቃል በቃል ለተቀበለው ጽሕፈት ቤት

ይድረስ በሰው አገር አንድ ዓመት ላስተናገደኝ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ባለፈው በአዳራሹ ንግግር ሲያደርጉ ያስቸገርዎ ሳል እንደለቀቀዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ቤተሰብዎ፣ ጸሐፊዎ፣ በቢሮዎ መስኮት ላይ ውሃ የሚያጠጣት ያጣችው አበባም ደኅና ይሁኑልኝ። እኔ እጅግ ደኅና ነኝ። እርግጥ ነው፣ እህል አልወርድልኝ ብሏል፣ እንቅልፍም ሸሽቶኛል። ይህ ግን ከቅናት የመጣ ስለሆነ ከሕመም አይቆጠርም።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት ንቄዎት አይደለም። በቋንቋዎ አሳምሬ የምችለው ይቅርታ መጠየቅና ማመስገን ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱንም ዓመቱን ሙሉ ስጠቀምባቸው ስለኖርኩ ዛሬ አልቀውብኛል። ጽሕፈት ቤትዎ የአማርኛ አስተርጓሚ መፈለጉ እንደሆነ አይቀርም፤ ለምን እንደማይቀር ዝቅ ብዬ አስረዳለሁ።

ደብዳቤው ግልጽ እንደመሆኑ፣ ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ዓመት ለሁለተኛ ዲግሪ መጥቼ፣ ከሲሚንቶ ከፊሉን በእሳተ ገሞራ አመድ በመተካት ኮንክሪት በሚሞከርበት ላቦራቶሪ ተመደብኩ። አብሮኝ የተመደበውን ባልደረባዬን፣ ብስክሌቱን እስከ ኮሪደሩ ድረስ እየገፋ ስለሚገባ፣ ባለ ብስክሌቱ እለዋለሁ። በዓመቱ መጨረሻ ከሁለታችን ለአንዳችን ብቻ የሚሆን የዶክትሬት ቦታ ነበር። ከዘጠኝ ቀን በፊት ቦታው ለባለ ብስክሌቱ መሰጠቱን የሚያበሥር ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ቅር ያለው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያመልክት ይላል። እነሆ ቅር ያለኝ እኔ በአክብሮት አመለክታለሁ።

አንደኛ፤ ቃሌን ስላመኑልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የዓመቱ ራስን መገምገሚያ ቅጽ አራተኛ ጥያቄ «ለምርምሩ ያደረጉትን አስተዋጽኦ ይግለጹ» ይላል። እኔም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «ያደረግሁት ይህን ያህል የሚወራለት አይደለም፤ የተሳካ ነገር ካለ በአማካሪዬና በባልደረባዬ ትጋት ነው» ብዬ ሞላሁ። ክቡርነትዎ፣ እኔ ባደግሁበት ቤት እንግዳ መጥቶ «ልጅሽ ጎበዝ ተማሪ ናት አሉ» ሲል፣ እናቴ «ኧረ ምኑን፣ እንዲያው ትሞካክራለች እንጂ» ትላለች። እንግዳውም «ኧረ ተይ እባክሽ፣ እሷማ ጎበዝ ናት!» ብሎ ይቆጣታል። እናቴ «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ» ብላ ፈገግ ትላለች፤ ነገሩ በዚሁ ያልቃል፣ እኔም መጋረጃው ጀርባ ሆኜ ደስ ይለኛል። ስለዚህ ቅጹን አስገብቼ የእርስዎን «ኧረ በፍጹም» መጠበቅ ጀመርኩ። ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። የመጣልኝ «አስተዋጽኦዎ ውስን እንደነበር በራስዎ ቃል በግልጽ ስላረጋገጡልን እናመሰግናለን» የሚል ሆነ። በሕይወቴ እንዲህ የታመንኩበት ቀን የለም። ባለ ብስክሌቱ በዚያው ጥያቄ ሥር «ፕሮጀክቱን ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው መራሁ» ብሎ መሙላቱን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ምንም ሳይደብቅ፣ ፖም እየገመጠ።

ሁለተኛ፤ ስለ ጠረጴዛዬ አመሰግናለሁ። ከመስኮቱ ጎን ያለው ጠረጴዛ ለእሱ፣ ከእጅ መታጠቢያው ጎን ያለው ለእኔ ሲደርስ ዕጣ የተጣለበት የለም። እሱ ቦርሳውን መስኮቱ ጋ ወረወረ፣ እኔ «ግድ የለም፣ የትም ይሆናል» አልኩ። የትምም ሆነ። ዓመቱን ሙሉ ሰው ሁሉ ኩባያውን ሲያጥብ ደብተሬን ሲረጭ ኖሯል፣ ውጭ ያሉት ዛፎች ቅጠላቸውን ሲያራግፉም ሆነ ሲያቆጠቁጡ ያየሁት በእሱ ትከሻ ላይ አሻግሬ ነው። ለነገሩ ጠረጴዛዬ ላይ ብዙ አልተቀመጥኩም። ላቦራቶሪው ምድር ቤት ነው፤ እዚያ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት የኮንክሪት ኩብ ሠርቻለሁ፣ አንዱ ስምንት ኪሎ ይመዝናል። አመዱን እነፋለሁ፣ ከሲሚንቶ፣ ከአሸዋና ከጠጠር ጋር እለውሳለሁ፣ የብረት ሳጥን ውስጥ እሞላለሁ፣ በማግሥቱ ፈትቼ ውሃ ገንዳ ውስጥ እነክራለሁ፣ በሰባተኛው፣ በሃያ ስምንተኛውና በዘጠናኛው ቀን እያወጣሁ ማሽኑ ሥር አድርጌ እስኪፈርስ እጨምቀዋለሁ። ከአፉ ቃል ለማውጣት የሚሰስተው የላቦራቶሪው ሠራተኛ እንኳ፣ በሦስተኛው ወር ላይ ምንም ሳይል የራሱን የወገብ መደገፊያ ቀበቶ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። ባለ ብስክሌቱ ቁጥሮቹን ከእኔ ተቀብሎ ባለ አምስት ቀለም ግራፍ ሠራ። ግራፉ ያምራል፤ ይህን የምጽፈው ጥርሴን ነክሼ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ቋንቋ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። በሳምንታዊው ስብሰባ ባለ ብስክሌቱ ወንበሩን ወደ ኋላ ደገፍ አድርጎ «አላውቅም» ሲል ተሰብሳቢው ራሱን ይነቀንቃል፤ ጥልቅ ሐሳብ ይዞታል ይባላል። እኔ ያንኑ ቃል አንድ ቀን ብናገር በማግሥቱ ከጽሕፈት ቤትዎ የነጻ ቋንቋ ትምህርት መመዝገቢያ ተላከልኝ። ተመዝግቤም ተማርኩ። መምህሯ ዓረፍተ ነገርሽን «እኔ» ብለሽ ጀምሪ እያለች፣ እኔ «ይቅርታ» ብዬ እየጀመርኩ ወራቱ አለቁ።

አራተኛውን ዘልዬዋለሁ። ስለ ብስክሌቱ ነበር፤ መልሼ ሳነበው እኔኑ አሳፈረኝ።

አምስተኛ፤ ስለ አማካሪዬ አመሰግናለሁ። መልካም ሰው ናቸው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ግን ምድር ቤት አይወርዱም፣ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ሥራችንን ያዩት በግራፍ ነው። በመጨረሻው ስብሰባ ላይ ሠላሳ በመቶ አመድ የገባበት ኮንክሪት በዘጠናኛው ቀን አመድ የሌለበትን በልጦ ሲያዩት፣ መነጽራቸውን አውልቀው ይህን የሠራው ማን ነው ብለው ጠየቁ። እኔ እንደ ጨዋ ልጅ መሬት መሬት እያየሁ፣ ባለ ብስክሌቱ «እሷ ናት» እስኪል ጠበቅሁ። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ሳልውል ሳላድር «እሱ ነው» እል ነበር፤ ያላልኩት እንዳይመስልዎ፣ ቅጹ ምስክሬ ነው። እሱ «ሠርተነዋል» አለ። ምነው «እኔ ነኝ» ባለና አንደኛዬን ጠልቼው በተገላገልኩ! አማካሪዬ ያን ሲሰሙ ያዩት እሱን፣ የጨበጡትም የእሱን እጅ ነው። የእኔ እጅ ሲሚንቶ ሰነጣጥቆት ኪሴ ውስጥ ነበር።

ስድስተኛ፤ ይህ እንኳ ቅሬታ ሳይሆን ለመረጃ ያህል ነው። ውጤቱ በወጣ በሦስተኛው ቀን ባለ ብስክሌቱ የላቦራቶሪ ደብተሬን ይዞ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። ቁጥሮቹን ማንም ያነባቸዋል። በቁጥሮቹ መካከል ያለው ግን፣ አመዱ ስንት ጊዜ እንደሚነፋ፣ ውሃው በስንት ተከፍሎ እንደሚገባ፣ ድብልቁ ምን ሲመስል ማቆም እንደሚገባ፣ ሁሉም በአማርኛ ነው፤ ሌላ ሰው ያነበዋል ብዬ አልጻፍኩትም። ገጽ ዘጠኝ ላይ ለምሳሌ «ጭቃ ከመሰለ ተበላሽቷል፤ ድፊውና እንደገና ጀምሪ፣ አታልቅሺ» ይላል። ባለ ብስክሌቱ እንዳነብለት በትሕትና ለመነኝ። እኔስ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ወንበር ሳብኩለት። ይሉኝታዬ ተነሥቶብኝ የመጀመሪያውን ገጽ ከራስጌ እስከ ግርጌ ተረጎምኩለት፤ ሲጽፍ የሳተውንም አረምኩለት። ጆሮዬ የጋለው ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ነው። ደብተሩን ዘጋሁ፣ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ መታጠቢያ ክፍል ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ አለቀስኩ። አስተርጓሚ መፈለግዎ አይቀርም ያልኩት ለዚህ ነው፤ ይህ ደብዳቤ ለእጁ ማፍታቻ ይሆነዋል።

እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ምን አሳፈረኝ፣ ወደ አራተኛው ልመለስ። ብስክሌቱ ቀይ ነው። በእሱ ቀንቻለሁ። ባለቤቱ አርፍዶ፣ ፀጉሩ ገና ሳይደርቅ ሲገባ ሰው ሁሉ ፊቱ በመፍካቱ ቀንቻለሁ። ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበኝ ግን አባቱ ስልክ ሲደውልለት ነው። «አባዬ፣ በጣም ጎበዝ ነበርኩ!» ብሎ በኮሪደሩ መሀል ሲጮህ፣ ከወዲያኛው ጫፍም የአባቱ ጩኸት እስከ እጅ መታጠቢያው ድረስ ይሰማል። እኔ እናቴ ጋ ስደውል ትምህርቱ እንዴት ነው ትላለች፣ ምንም አይል እላለሁ፣ ተመስገን ትላለች፤ ዓመቱን ሙሉ ያወራነው ይህንኑ ነው። በዚያች ጩኸት ነው የቀናሁት፣ ክቡርነትዎ።

በመጨረሻ የሆነውን ለእናቴ ነገርኳት፤ ቅጹ ላይ የጻፍኩትንም ቃል በቃል አነበብኩላት። የምታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን «አንቺ ልጅ፣ እኔ ትሞካክራለች የምለው እኮ ሰውየው እንደሚያውቅሽ ስለማውቅ ነው! ለማያውቅሽ ሰው እንዲህ ይባላል?» ብላ ጮኸችብኝ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ይህችን ነገር ሳትነግረኝ ኖራለች።

ስለዚህ የቅጹን አራተኛ ጥያቄ፣ የቋንቋ መምህሬም ደስ ይበላት፣ እንደገና እንዲህ መልሼዋለሁ። እኔ ነኝ የሠራሁት። እኔ ነኝ፣ አማካሪዬ አሥራ አምስት በመቶ ይበቃል ሲሉ፣ ሠላሳውን የሞከርኩት። እኔ ነኝ ሁለት መቶ አሥራ ስድስቱንም ያነሣሁ፣ የነከርኩ፣ ያፈረስኩ። እኔ ጎበዝ ነኝ። ቦታው ይገባኛል፣ እፈልገዋለሁም። ይህችን አንቀጽ እስክጨርስ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ፊቴን ታጥቤያለሁ፤ መታጠቢያው እንደሆነ ቅርቤ ነው።

ከደብተሩ ሁለተኛ ገጽ ጀምሮ ያለውን መልስዎ እንደደረሰኝ በደስታ አነባለሁ፤ ለማን እንደማነበው የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።

ጤናዎን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከማያንስ ቅናት ጋር፣
ከእጅ መታጠቢያው ጎን የምቀመጠው ተማሪዎ

ማስታወሻ፤ በዚያው ቅጽ የመጨረሻ ገጽ ላይ የጽሕፈት ቤትዎን አገልግሎት እንድገመግም ተጠይቄ «እጅግ በጣም ጥሩ፤ እንከን የማይወጣለት» ብዬ ሞልቼ ነበር። ትናንት በበርዎ ሳልፍ ቃሌን በትልቁ አሳትመው ግድግዳው ላይ እንደሰቀሉት አየሁ። እሱንም የጻፍኩት አራተኛውን ጥያቄ በጻፍኩበት ብዕር ነው።