የለቀቁትን ማን ይጠይቃል

ሰኞ

ሃያ ሁለት ቤት አንኳኳሁ፤ ሃያ ሁለቱም «በጣም ጥሩ ነው» አሉኝ። አንድ የሚያማርር ሰው ይጥፋ? የአዲስ አበባ ሰው መሆናቸውንም ተጠራጠርኩ።

መንገዱ እንዴት ነው? በጣም ጥሩ። ድልድዩስ? በጣም ጥሩ። ቦኖውስ? በጣም ጥሩ፣ ለጃንሆይ ዕድሜ ይስጥልን። አንድ አዛውንትማ ጥያቄውን ሳልጨርስ ነው የመለሱልኝ።

መሥሪያ ቤታችን ካቻምና ኮልፌ ታች ሰፈር ላይ የኮረት መንገድ አወጣ፣ ወንዙ ላይ ድልድይ ጣለ፣ ሕዝብ ውሃ የሚቀዳበት ቦኖ ተከለ። አሁን ሥራው ተሳክቷል ወይስ አልተሳካም የሚለውን ነዋሪውን ጠይቄ «ለክቼ» እንዳመጣ ታዝዣለሁ። ለክተሽ ነው ያሉኝ አለቃዬ አቶ ሰይፉ፣ እንደ ጨርቅ። ቅጹ ላይ ሦስት ሳጥን አለ፦ በጣም ጥሩ፣ ደህና፣ መጥፎ። ውጤቱ ካማረ ቧንቧው ወደ ላይ ሰፈር ይቀጥላል። ካላማረ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ይሄዳል። በሳምንቱ ሰኞ ጠረጴዛቸው ላይ መድረስ አለበት።

ለነገ፦ እርሳስ መቅረጽ። ጫማ መቀየር፣ ይሄ ተረከዝ ለኮልፌ አልተሠራም። ቁርስ በልቶ መውጣት።

ማክሰኞ

ዛሬ ላይ ሰፈር። ግማሹ ከተማ ነው፣ ግማሹ ገጠር። አንዱ ቤት ቆርቆሮ፣ ቀጥሎ ያለው ሣር፤ ከጓሮ ባቄላ ተዘርቷል፣ በሬ ታስሯል። መንገዱም ቦኖውም እዚህ አልደረሰም።

ጫልቱ የምትባል ልጅ አገኘሁ። በዕድሜ ከኔ ታንሳለች፤ እርጉዝ ናት፣ ሆዷ ገፍቷል። ከታች ቦኖ እንስራ ሙሉ ውሃ አዝላ በቀን ሦስት ጊዜ ዳገቱን ትወጣለች። አላመንኳትም፤ እስቲ ልሞክረው አልኳት። ዐሥር እርምጃ እንኳን አልሄድኩም፣ ግማሹን ቀሚሴ ላይ ደፋሁት። እሷ ግን አልሳቀችብኝም። «ይደርቃል» ብላ እንስራውን ተቀበለችኝና፣ የደፋሁትን ልትሞላ ተመልሳ ወረደች። እንዴት እንዳፈርኩ።

ስትመለስ መቼ እንደምትወልድ ጠየቅኋት። «ለፋሲካ ይደርሳል» አለች። ቀጥላም «ውሃውስ ለፋሲካ ይደርሳል?» አለችኝ። ቅጹ ይሄን አይጠይቅም።

በዚህች ልጅ ቀናሁ ብል ማን ያምነኛል? በጉልበቷ አይደለም። በትዕግሥቷ ነው። እኔ አውቶቡስ ሲዘገይ ፌርማታ ላይ የማላወርደው እርግማን የለም።

ረቡዕ

ጉድ ሆኛለሁ።

ሰኞ የዘለልኩት አንድ መስመር ስለነበር ወደ አንዲት እናት ቤት ተመለስኩ። ሲያዩኝ ግራ ገባቸው። «ደግሞ መጣሽ የኔ ልጅ? ጡሩምባ ነፊው የነገረንን ነግሬሽ የለም እንዴ?»

ምን ነገራችሁ አልኳቸው። ነገሩኝ። የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ፣ ያው ለቅሶ ሲኖር ሰፈሩን የሚያስነሳው፣ እሑድ ጎሕ ሲቀድ በየበሩ ዞሯል። ሰው ሞተ ብለው ደንግጠው ወጡ። እሱ ግን «ሰኞ ከመሥሪያ ቤት አንዲት ልጅ ትመጣለች፣ ደግ ደጉን ንገሯት» ብሎ አለፈ። ይኸው ነው ሃያ ሁለቱ «በጣም ጥሩ»።

ደሜ ፈላ። በቀጥታ የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ዘርጋ ጋ ሄድኩ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሲንጀራቸው ላይ አጎንብሰው ነበር። ይክዱኛል ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ ያስነፋሁት» አሉ፣ እግራቸውን ከመርገጫው ሳያነሱ። «ታች ያለነው አግኝተናል። እኛ ብናማርር የሚቀረው የላይ ሰፈሮቹ ውሃ ነው። እንግዲህ ውሸት ከሆነም ለነሱ ነው የዋሸነው።»

ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። ሃያ ሁለት ቤት ለራሱ ምንም ላያገኝ፣ ለጎረቤት ውሃ ሲል አንድ አፍ ሆኖ ዋሸኝ። ይሄንን በየትኛው ሳጥን ነው የማስገባው?

«ታዲያ የሚያማርር አለ ማለት ነው?» አልኳቸው።

ሲንጀሩን አቆሙ። «የሚያማርረውማ እዚህ የለም። ሄዷል።» መንገዱ ሲያምር ኪራይ ጨመረ። መክፈል ያቃተው ወደ አየር ጤና፣ ወደ ሳንሱሲ ወጣ። ዐሥራ አንድ ቤት ቆጠሩልኝ፣ ከነስማቸው፣ ከነልጆቻቸው። የት አግኝቼ ልጠይቃቸው ስል፣ «እሑድ ነይ፣ የዕድር ቀን ነው። ቤቱን ለቀቁ እንጂ ዕድሩን አልለቀቁም» አሉኝ።

ሐሙስ

አቶ ሰይፉ ቅጾቹን አገላበጡ። «ሁሉም ጥሩ ካሉ ምን ቀረሽ? ዛሬውኑ አስረክቢኝ።» እስከ ሰኞ ጊዜ አለኝ አልኳቸው። ቅንድባቸው ተነሳ፣ ግን ተዉኝ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። እንዳለ ባስረክበው ጫልቱ ውሃ ታገኛለች፣ አለቃዬ ይደሰታሉ፣ ምናልባት የኔም ኮንትራት ይታደሳል። የለቀቁትን ከጨመርኩ ሥራው አልተሳካም ተብሎ ቧንቧው ይቆም ይሆናል።

ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ጫልቱም ተከራይ ናት። ውሃው ሲገባ ላይ ሰፈርም ኪራይ ይጨምራል። እሷ ሳትጠጣው ትወጣለች፣ ሌላ ሰው ይጠጣዋል። ከዚያ እኔን የመሰለች ሌላ ልጅ ቅጽ ይዛ ትመጣና አዲሶቹን ተከራዮች ትጠይቃለች፤ እነሱም «በጣም ጥሩ» ይሏታል።

እሑድ እሄዳለሁ።

እሑድ

ይሄን ቀን አልረሳውም።

ዕድሩ የተሰበሰበው ጋሽ ዘርጋ ግቢ ነው። አከራይ አለ፣ ተከራይ አለ፣ የታች የላይ፣ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም እስላሙም፤ በአማርኛ ይጀምሩና በጉራጊኛ ይቀልዳሉ፣ በኦሮምኛ ይመልሳሉ። ጋሽ ዘርጋ መዝገቡን ዘርግተው ስም ጠሩ። የለቀቁት ዐሥራ አንዱም «አለሁ» አሉ። አንድ የቀረ የለም። ሁለቱ ከሳንሱሲ በእግራቸው ነው የመጡት።

አንዷ ብርቄ ናት። በአምስት ዓመት ብትበልጠኝ ነው። ኮልፌ ገበያ ጉልት ላይ ሽንኩርት ትቸረችራለች፤ ከሦስት ልጆቿ ጋር አሁን አየር ጤና ነች። ቅጹን አውጥቼ እዚህ ሰፈር ስንት ዓመት ኖርሽ አልኳት።

«ዘጠኝ።»

«ከለቀቅሽ ዓመት አልፎሽ የለ?»

«እሱም ይቆጠርልኝ» አለች። ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ጋሽ ዘርጋ አስነሱኝና ሁሉንም ተናገርኩ። የለቀቁትን ከጻፍኩ ውሃው ሊቀር ይችላል፤ ካልጻፍኩ ላይ ሰፈርም እንደ ታች ሰፈር ይሆናል፤ እናንተ ምን ትላላችሁ አልኩ። ጫልቱ ከሴቶቹ መሐል መሬት መሬት ታያለች።

ብርቄ ተነሳች። «ውሃው ይግባላቸው። እኔ ተበድያለሁ ብዬ እሷ ዳገት ትውጣ አልልም። ግን ጻፊኝ። እንደሌለሁ አታድርጊኝ።»

አለቀስኩ፣ ለምን እዋሻለሁ። ደብተሬ ተበላሸ።

ነገሩን የፈታው የገመትኩት ሰው አይደለም። ብርቄን ኪራይ ጨምረው ያስወጧት ባሻ አሰፋ የሚባሉ ጡረተኛ ናቸው፤ እሳቸውም የዕድሩ አባል፣ ፊት ለፊት ወንበር ላይ። ብዙ ሰው ወደሳቸው ዞረ። ባሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ብቻዬን ነኝ የጨመርኩት? ሁሉም ጨመረ፣ ጨመርኩ። ሁሉም ቢተው እተዋለሁ። ይጻፍና ልፈርም። እሷ ግን ስትወጣ ቁልፌን ይዛ ሄዳለች።»

«በንዴት ነው የወሰድኩት» አለች ብርቄ፣ ፈርጠም ብላ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ባሻም ሳይወዱ ሳቁ።

ተጻፈ። ውሃ ከገባ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ኪራይ የጨመረ የዕድር አባል ይቀጣል፤ ቅጣቱን እምቢ ካለ ከመዝገብ ይሰረዛል። ከዕድር መሰረዝ ማለት ሲሞቱ ድንኳን የሚተክል፣ ሬሳ የሚያነሳ ማጣት ነው። ኮልፌ ላይ ከዚህ የከበደ ሕግ ያለ አይመስለኝም። አከራዮቹ አንድ በአንድ ፈረሙ፤ መጻፍ የማይችለው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አሳረፈ። ጋሽ ዘርጋ መጨረሻ ላይ ወረቀቱን እንደ ጨርቅ በእጃቸው ዳብሰው አጣጠፉና ሰጡኝ።

እኔ ሰውን ልለካ ነበር የመጣሁት። ያለ አንድ ቅጽ የሠሩትን አየሁ።

ሰኞ

አቶ ሰይፉ አነበቡት። ሁለቴ። «የለቀቁትን ጠይቂ ያለሽ ማነው?»

ማንም፣ አልኩ።

«ቅጹ ላይ የለም።»

የለም፣ አልኩ። ምላሴ ከየት እንደመጣ እንጃ።

መነጽራቸውን አወለቁ። «እስከ ዛሬ ስንት መንገድ አወጣን። ማን ለቀቀ ብለን ጠይቀን አናውቅም ማለት ነው» አሉ፣ ለኔም አይደለም፣ ለራሳቸው። ከዚያ ጣት የታተመበትን ወረቀት ከሪፖርቱ ፊት አደረጉት። «ነገ ስብሰባ አለ። ተስፋ አልሰጥሽም።»

ባለፈው ወር በዚሁ ደብተር ስለሳቸው የጻፍኩትን ክፉ ክፉውን ግማሹን ሰርዣለሁ።

ማክሰኞ

ስብሰባው ቀኑን ሙሉ አላለቀም። ምንም አልሠራሁም። ሻይ ጠጣሁ፣ ስቴፕለሩን ሰበርኩ።

ረቡዕ

ተፈቀደ። ቧንቧው ላይ ሰፈር ይገባል፣ የዕድሩም ወረቀት አብሮ ይያያዛል ተባለ። አቶ ሰይፉ ሂጂና ንገሪያቸው አሉኝ፤ አልሄድኩም፣ በረርኩ።

ጫልቱን ዳገቱ ወገብ ላይ አገኘኋት። እንስራዋን አውርዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «መቼ?» አለች። ቀኑ ገና አልተቆረጠም አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ትንሽ ዐርፋ ተነሳች፤ ለማታ ውሃ ያስፈልጋታል።

ጋሽ ዘርጋ ዜናውን ሰምተው ባሻን አስጠሩ። ባሻ አንድ ክፍል ባዶ አላቸው። ብርቄ ከፈለገች በድሮው ኪራይ ትግባ አሉ፣ በራሳቸው አፍ። እኔ ነኝ የምነግራት ብዬ ወደ ገበያ ሮጥኩ።

ብርቄ ሽንኩርቷን እየደረደረች ሰማችኝ። እልል ትላለች ብዬ ነበር። ቀና እንኳን አላለችም። «ልጆቹ እዚያ ትምህርት ቤት ገብተዋል» አለች። «ትልቁ ጓደኛ አፍርቷል። አንዴ ነቅያቸዋለሁ፣ ደግሞ ልንቀላቸው?»

ግን እኮ ቤትሽ ነው፣ ዘጠኝ ዓመት ነው፣ ባሻ እኮ በራሳቸው አፍ ነው ያሉት፣ እያልኩ ለፈለፍኩ። እጇን ከሽንኩርቱ አነሳችና አየችኝ። «ለኔ ብለሽ ነው ወይስ ለወረቀትሽ?»

ለሁለቱም አልኳት። አሁን ስጽፈው አፈርኩ። ለወረቀቱ ይበልጥ ነበር፤ እሷ ብትመለስ ሪፖርቴ ያምርልኝ ነበር። አልተቆጣችም። በሚመጣው የዕድር ቀን እመጣለሁ፣ ያኔ ያሰብኩትን እነግርሻለሁ አለችኝ።

እኔም እሄዳለሁ። ቅጽ አልይዝም።