አባታችን አልበማችንን የሰሙ ዕለት

ቢቸና፣ ጥር 15

እትዬ በዛብሽ፣ ሰላምታዬ ሐዋሳ ድረስ ተጉዞ በጤና ያግኝሽ። እኛ ተመስገን ደህና ነን።

የሮክ ባንዳችን የመጀመሪያ አልበም አለቀልሽ! ሞጣ በተከራየናት ክፍል፣ ግድግዳዋን በፍራሽ ሸፍነን ነው የቀዳነው። አሁን የባጃጅ ሹፌሮቹ ጠዋት ማታ እሱኑ ነው የሚከፍቱት።

የፈራሁት አባታችንን ነበር። ቅኔ ሲያስተምሩ ዶሮ ብትጮህ የሚቆጡ ሰው፣ ልጃቸው ድራም ስትደበድብ ምን ሊሉ ነው? ትናንት ደፍሬ ከፈትኩላቸው። ቁጣቸውን ስጠብቅ፣ በርጩማቸውን ወደ ስፒከሩ አስጠግተው «ጨምሪው» አሉኝ። መዳፋቸውን ስፒከሩ ላይ አሳርፈው እስከ መጨረሻው ቆዩና «ይህቺ ያንቺ እጅ ናት» ብለው ሳቁ። ደስታዬን አትጠይቂኝ!

ካጠፋሁት በኋላ አንድ ተማሪ ቅኔውን ሊያሰማ መጣ። ሁለት ቦታ ሲሳሳት እኔ እንኳ አወቅሁት፤ እሳቸው ግን «መልካም ነው፣ ሂድ» ብለው ሸኙት። እርጅና ደግ አደረጋቸው መሰለኝ።

ለፋሲካ እንዳትቀሪ፤ እስከዚያው እመብርሃን ትጠብቅሽ። አደራ፣ ስትመጪ እንደ ልማድሽ ከደጅ ሆነሽ አትጣሪያቸው። ቀጥ ብለሽ ገብተሽ ጉልበታቸውን ሳሚ።

እህትሽ ሥርጉት