የወይዘሮ ውዴ አውራ ዶሮ ይግባኝ

የእህቴ ልጅ፣ ዳኛ ሔራን፣

በተመደብሽበት አገር ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ የወሰን ሰፈር ሰዎች ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ቢያንዘፈዝፈንም ሳቃችን አልቀነሰም።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርድሽን ሽሮ የጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ተከሳሹን ሳትሰሚ ወስነሻል ይላል፤ ጉዳዩንም ለዲሲፕሊን ጉባኤ መርቶታል። ስምሽን ብፈልገው የለም፤ «የሥር ፍርድ ቤት» ነው የሚሉሽ። ትልቅ ሰው ሆነሻል ማለት ነው።

እኔም ተሽሬያለሁ። የእድራችን ሽማግሌ ነኝና ጎረቤታችን ቤኪ፣ «የወይዘሮ ውዴ አውራ ዶሮ ንጋት ላይ እየጮኸ አላስተኛ አለኝ» ቢለኝ፣ ዶሮው ከሰፈር ይውጣ ብዬ ፈረድኩ። ውዴ ለእድሩ ሰብሳቢ ለአቶ ኃይሉ አቤት አለች።

«ገላው፣ ሴትዮዋን ጠይቀሃታል?» አለኝ።

«አልጠየቅኳትም» አልኩት።

«በል ሂድና ደጇ ላይ ቁጭ ብለህ ስማት።»

ሄድኩ። «ዶሮዬማ ለፋሲካ ታርዷል» አለችኝ። ለካ እንደ ዶሮ የሚጮኸው የቤኪ ሚስት ስልክ ማንቂያ ኖሯል።

ሰፈሩ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል። ከሽምግልናው ግን ማንም አላነሳኝም፤ ትናንትም ሌላ ጉዳይ ሰጡኝ፤ ሁለቱንም ወገን ሰማሁ።

«ከእንግዲህ አልለብሰውም» ብለሽ በአውቶቡስ የላክሽው የዳኝነት ካባሽ ደርሶኛል። እዚህ ማን ይለብሰዋል? ልብስ ሰፊው የላላውን ቁልፍ አጥብቆልሻል። ዛሬ መልሼ ልኬዋለሁ፤ ለሰኞ ችሎት ይደርስልሻል።

የእንጦጦዋ ማርያም ትጠብቅሽ።

አጎትሽ ገላው